ከአሜሪካ የሚመጣ ከአሉሚኒየም የተሠራ የጀልባ ተሳቢ ጎንደር ላይ ያዋጣል?

የጎርጎራ መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ ነው የምኖረው። ጎርጎራ ላይ ሰው የማንሸራሽርባት አንዲት ጀልባ አለችኝ። ፋይበር ናት፣ 5 ሜትር ተኩል። ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ያማሃ ነው። እስካሁን የምታድረው እዚያው ውሃው ዳር ነበር። ዘንድሮ ግን ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠግባት ከረመ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ አንድ ሌሊት ባትሪዋንና የነዳጅ ቱቦዋን ይዘውት ሄዱ። ዘበኛው ተኝቼ ነበር እንኳ አላለም። «ዓሣ አጥማጆች መስለውኝ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ሥራ ሲኖር ብቻ እየጎተትኩ ልወስዳት፣ ሌላ ጊዜ ግቢዬ ልታድር ወስኛለሁ። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምጎትተው በአሮጌ ሃይሉክስ ነው።

ወንድሜ ሚኒሶታ ነው ያለው። ጓደኞቹ ኮንቴይነር ሊጭኑ ነው፣ ቦታም አላቸው። ያገለገለ የአሉሚኒየም ተሳቢ አይቶ ፎቶ ላከልኝ። ማማሩን አትጠይቁኝ። ጥቅምት ላይ እንደታጠበ ነጠላ ያበራል። ጽሑፉ ላይ «ጠቅላላ 1,500 ፓውንድ» ይላል፣ ወደ 680 ኪሎ መሆኑ ነው። ጎማው 12 ኢንች ነው። ሁሉም መጋጠሚያው ብየዳ ነው።

እዚህ ደግሞ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። «ምን አስጨነቀህ፣ በሳምንት ሠርቼ አስረክብሃለሁ፣ አርጎን ብየዳ አለኝ» ይላል። ሦስተኛው አማራጭ ከብረት ቱቦላሬ ማስበየድ ነው።

ጀልባዋ ከነሞተሯ 550 ኪሎ አትሞላም ብዬ እገምታለሁ። 680 አይበቃም ትላላችሁ? ደህና የተሠራና ያልተሠራውስ በምን ይለያል? ለጥምቀት እንግዳ ይበዛል፣ ከዚያ በፊት ባደርስ ደስ ይለኛል።

የፒያሳው

በታንኳ ብትሠራ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ሲመሽ ደንገሏን አቁመህ ፀሐይ ታሞቃታለህ፣ አለቀ። ባትሪም የላት፣ ሌባም አይፈልጋት 😀

ከቀልዱ ውጭ ግን እጀ ግራሶን ጠብቃቸው። ስለ ተሳቢ እሳቸው ሳይናገሩ ማንም እዚህ ገንዘብ አያወጣም።

እጀ ግራሶ

ልጄ፣ ፎቶውን አየሁት። ያምራል። ተሳቢ ግን የሚታየው ከሥሩ ነው። ወንድምህን በጀርባው ተኝቶ ከሥር ያንሳልኝ በለው።

እኔ ማራኪ ጋራዥ ውስጥ ከ25 ዓመት በላይ ግራሶ ስነካ የኖርኩ ሰው ነኝ። የጀልባ ተሳቢን የተማርኩት ግን በራሴ ኪሳራ ነው። ከአንድ ነጋዴ የገዛሁት የአሉሚኒየም ተሳቢ ነበረኝ። ስሙን ተወው። «ዝገት አያውቀውም፣ ብየዳው የፋብሪካ ነው» ተባልኩ። አሥር ጊዜ በእጄ ዳበስኩት። እውነትም ዝገት የለውም። አንድ ቀን ጀልባ ጭኜ ከጎርጎራ ስመለስ፣ ቆላድባ ሳልደርስ ከኋላ አሮጌ አልጋ ላይ ሰው የተገላበጠ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ሲጥ። ሲጥ። ወርጄ አየሁ። ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው መጎተቻ ምሰሶ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አለች። ብየዳው ራሱ ደህና ነው። መስመሯ ያለችው ከብየዳው አጠገብ፣ አንድ ጣት ያህል ራቅ ብላ ነው። ጥፍሬን ሞከርኩባት። ገባች።

ያን ሌሊት ጀልባዋ የአንድ ገበሬ ደጅ አደረች። እኔም አብሬያት አደርኩ። ሰውየው ጠላ ሰጥተውኝ እስኪነጋ ሲስቁብኝ አደሩ፤ ጀልባ ይዞ ደረቅ መሬት ላይ የቀረ ሰው አይተው አያውቁምና።

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውለው 6061 የሚባለው አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው በሙቀት ነው። ይሞቃል፣ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ በልክ ሙቀት ይበስላል። ቲ6 የሚለው ምልክት እሱን ነው የሚናገረው። ብየዳ ሲያርፍበት ያ ብስለት ይበላሻል። ከብየዳው ግራና ቀኝ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ጥንካሬው ከሲሶ በላይ ይወርዳል። ዓይን አያየውም። ብየዳው ቢያምርም ያው ነው። ጎበዝ ፋብሪካ ይህን አስቦ እዚያ ቦታ ላይ ያወፍረዋል። ጎበዝ ያልሆነው አያወፍረውም።

ሌላም አለ። ብረት ከአቅሙ በደንብ ዝቅ አድርገህ እስከጫንከው ድረስ ዕድሜውን ሙሉ ቢነቀነቅ ግድ የለውም። አሉሚኒየም ቂመኛ ነው። እያንዳንዷን ጉድጓድ ይቆጥራል። ትንሽ ጭነትም ቢሆን ሲደጋገምበት አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ያንተ መንገድ ደግሞ ጉድጓድ አያጣም፤ በተለይ ወደ ውሃው የምትወርደዋ መጨረሻ።

እንግዲህ አሉሚኒየም ካልክ በብየዳ ሳይሆን በቡሎን የታሰረ ፈልግ። ዋናዎቹ ሁለት ተሸካሚዎች አይ ቢም (እንደ I ፊደል ያለ ምሰሶ) ይሁኑ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ። ተሻጋሪዎቹ በቡሎንና በማቀፊያ የተያዙ ይሁኑ። ቁመቱንም ተመልከት። አሉሚኒየም ከብረት በክብደት ሲሶ ነው፣ ግትርነቱም ሲሶ ነው። ስለዚህ የብረቱን ያህል ላለመለመጥ ከፍ ያለ ቢም ያስፈልገዋል። ቀጭንና ዝቅ ያለ አሉሚኒየም ካየህ የሠራው ሰው የብረት ንድፍ ገልብጧል ማለት ነው። ዳዶዎቹ ናይሎን ያለባቸው ይሁኑ፣ እንዳይላሉ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሁሉንም እንደገና አጥብቅ።

የበርና መስኮቱን ወዳጅህን ቡና ጋብዘህ ሸኘው። የመስኮት ፕሮፋይል ለስላሳ ዘር ነው፣ ግድግዳውም 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። መስታወት ይሸከማል። ጀልባ አይሸከምም። እሱ ላይ ደግሞ አርጎን ሲጨመርበት፣ እኔ የነገርኩህ ሲጥ ሲጥ ገና ከአዘዞ ሳትወጣ ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰው ሁሉ ስለ ምሰሶው ይጨነቃል። የጀልባ ተሳቢን መንገድ ላይ የሚያስቀረው ግን ብዙ ጊዜ ሞዞው ነው፤ ጎማው የሚታሰርበት፣ ኩሽኔታውን የያዘው መሐሉ። 60 ኪሎ ሜትር ስትጎትት ሞዞው ይግላል። ጎርጎራ ደረስክ፣ ቸኩለህ ወደ ውሃው አስገባኸው። የጋለው ሞዞ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ በጎማ ማኅተሙ በኩል ውሃ ይስባል። አንተ አታየውም። ከወር በኋላ ስትከፍተው ግራሶው ማኪያቶ ሆኗል። ኩሽኔታውም ጥቁር ነጥብ ነጥብ ጥሎበታል። እንዲህ ያለ ሞዞ ምን ያህል ከፍቻለሁ መሰለህ! አንዱ ውስጥ አረንጓዴ ቅጠል አግኝቻለሁ፣ እንዴት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስትደርስ ቡናህን ጠጣ። ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ሞዞውን በእጅህ ያዘው። እጅህ ከቻለው አስገባው። አንደኛው ከሌላኛው በጣም የሚግል ከሆነ ያ ኩሽኔታ ታሟል፣ ክፈተው። ግራሶው ውሃ የማይበግረው ዓይነት ይሁን።

ደግሞ 12 ኢንች ጎማ አትግዛ። ትንሽ ጎማ ብዙ ይሽከረከራል፣ ሞዞውን ያግለዋል፣ ጉድጓድም ይውጠዋል። 14 ከሆነ ደህና ነው። የአሜሪካ ተሳቢ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ባለ 5 ቡሎን ነው፣ የሃይሉክስህ ባለ 6። አይዋዋሱም። ስለዚህ ትርፍ ጎማው ከነቸርኬው አብሮ ይምጣ።

እገዳው፣ ጉድጓድ ሲመታ ንዝረቱን የሚያበርደው ማለቴ ነው፣ ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ሞላ) ይሁን። አሁን አሁን በጎማ የሚሠራ፣ አክሰሉ ውስጥ የተደበቀ እገዳ አለ። ምቹ ነው። ሲበላሽ ግን አክሰሉን እንዳለ ትጥላለህ። ባሌስትራ ሲሰበር አዘዞ ላይ ከምሳ በፊት ተሠርቶልህ ትሄዳለህ።

ዴንቨር ያለው ጎንደሬ

ጋሼ የጻፉት ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ግን ሳይታይ አልፏል። «ጠቅላላ 1,500 ፓውንድ» ማለት እኮ ተሳቢውን ራሱን ጨምሮ ነው። ተሳቢው ራሱ 170፣ 180 ኪሎ ቢሆን የሚቀርህ 500 ብቻ ነው። ያንተ ጀልባ በግምትህ 550 ነች። ገና ሳትነሳ አልፈሃል!

ግምትህንም አላምነውም። ነዳጅ ቆጥረሃል? 20 ሊትር ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል። መልሕቅ፣ ባትሪ፣ የሕይወት አድን ጃኬቶች፣ መቅዘፊያ፣ ገመድ። ፋይበር ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ከጠጣ ወለሉ ሥር ያለው ስፖንጅ ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ይቅርታ፣ ግን አስመዝናት።

ሌላው አለመግባባታችን ብረት ላይ ነው። ጋሼ ብረቱን ዝም ብለው አለፉት። አሉሚኒየም እንዲህ የተወደደው ለባሕር ጨው ነው። ጣና ጨው የለውም። ትኩስ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ብረት ጣና ላይ ረጅም ዘመን ይኖራል፣ ሲሰነጠቅም ማንም በያጅ ይደፍነዋል። እኔ ብሆን ገንዘቤን ለተነከረ ብረት ነበር የማወጣው።

እጀ ግራሶ

ዴንቨር፣ ክብደቱን በመያዝህ ተባረክ። እኔ ፎቶ ላይ አፍጥጬ ቁጥሩን ሳላየው ቀረሁ። ማርጀት ነው።

ብረቱን ዝም ያልኩት ሳልወደው ቀርቼ አይደለም። የተነከረ ብረት ሲመጣ አብሮህ ነኝ። እዚህ የሚሠራው ግን ተበይዶ ቀለም የሚቀባ ነው እንጂ ዚንክ ውስጥ የሚነከር አይደለም። ቱቦላሬ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ውሃ ውስጥ ይገባል፣ መውጫ የለውም፣ ከውስጥ ይበላዋል። ከላይ ቀለሙ አምሮ፣ ከሥር በጠመንጃ መፍቻ ስትወጋው የሚበሳ አይቻለሁ። ከብረት የምታሠራ ከሆነ ክፍት የሆነውን ሲ ቅርጽ ይጠቀሙልህ። አለዚያ ቱቦላሬውን ከሥር አስበሳው፣ ውሃው ይውጣ።

እመ ጣና

ሰላም፣ እኔ ደልጊ በኩል ነኝ። የዓሣ ጀልባዎች አሉን፣ ቆሮሶና አምባዛ እንጭናለን። ስለ ቢምና ቡሎን አላውቅም። ስለ ዳርቻው ግን ልንገርህ ወንድሜ።

ጣና መስከረም፣ ጥቅምት ላይ ሞልቶ ታየዋለህ። ግንቦት፣ ሰኔ ላይ ሂድና እይ፤ ውሃው አንድ ሜትር ከምናምን ወርዶ ዳርቻው ሸሽቷል። መሬቱ ዝርግ ስለሆነ ትናንት መኪና የቆመበት ጋ ዛሬ ጭቃ ነው። መኪናህን ጭቃው ላይ ካስገባህ ጀልባውንም መኪናውንም በበሬ ነው የምታስወጣው። እኛ ሆኖብናል። ስለዚህ መጎተቻው ረጅም ይሁን። ጠንካራ ገመድም ያዝ። መኪናው ጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ፣ ተሳቢው በገመድ ይውረድ።

ጀልባው የሚያርፍበትም ሁለት ዓይነት ነው። ምንጣፍ የለበሰ እንጨት አለ፣ የጎማ ተሽከርካሪ ያለው አለ። እንጨቱ ጀልባውን በደንብ ይይዛል። ግን ተሳቢው ጠልቆ ካልገባ ጀልባው አይንሸራተትም። ዝርግ ዳርቻ ላይ እስኪጠልቅ ድረስ የት ልትደርስ ነው? ለእኛ አገር ተሽከርካሪው ይሻላል። ከተመለስክ በኋላ ጀልባህን ሦስት ወንዶች ይገፏታል፣ ትወጣለች።

አንድ ልመና። ከውሃ ስትወጣ ተሳቢውን ዞረህ እየው። አክሰሉ ላይ የተጠመጠመች አንዲት የእምቦጭ ቁራጭ ብትኖር እዚያው ዳር አድርቃት። ሌላ ውሃ ውስጥ እንዳትጥላት። ደንቢያና ፎገራ ከ2011 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ በዚህ አረም ያየውን አይቷል። በእጃችን ነቅለናል፣ ወገባችን ያውቀዋል።

የጎርጎራ መንገደኛ

እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎንም ጋሼ፣ እትዬን፣ ሁላችሁንም።

ዴንቨር፣ ነገርህ ሲያስተኛኝ አላደረም። ትናንት አይሱዙ ተከራየሁና ጀልባዋን ጭነን የአሸዋ መኪና የሚመዘንበት ሄድን። መኪናውን ከነጀልባዋ መዘንን፣ አወረድናት፣ ባዶውን መዘንን። ልዩነቱ 660 ኪሎ። ሚዛን ያዡ «ጀልባ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የመዘንኩት» ብሎ ደረሰኙ ላይ «ልዩ ልዩ ዕቃ» ብሎ ጻፈልኝ። ወለሏ ላይ ቀዳዳ ስበሳ ደግሞ እንዳልከው ውሃ ወጣ። ሁለት ባልዲ ሞላሁ። አሁንም ይንጠባጠባል። ስትደርቅ እንደገና እመዝናታለሁ።

ያ የሚያበራው ቀርቷል። ወንድሜ ሌላ አገኘ። በቡሎን የታሰረ፣ አይ ቢም፣ ባሌስትራ፣ 14 ኢንች። ጠቅላላው 2,500 ፓውንድ፣ ወደ 1,130 ኪሎ። ተሽከርካሪም አለው። ተቧጭሯል፣ አንድ መብራቱ የለም። ፍሬን ግን የለውም። እሱ ነገር ያሳስባል?

ዴንቨር ያለው ጎንደሬ

ያሳስባል። አውሮፓ ውስጥ ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። ያንተ 660 ላይ ተሳቢው ሲጨመር ያን ያልፋል። መኪናው ሲይዝ ተሳቢው ወደፊት ሲገፋ በግፊቱ ራሱ የሚይዝ ፍሬን አለ፣ ለጀልባ የሚሆነው እሱ ነው። አክሰሉ ላይ ማሰሪያ ሳህኑ ካለ በኋላ ይገጠማል። ወንድምህ ከሞዞው ጀርባ አራት ቀዳዳ ያለው ሳህን መኖሩን ይይ።

ተሳቢው መኪናው ላይ የሚያያዝባትን ኳስም አስለካ። የአሜሪካው ብዙ ጊዜ 2 ኢንች ነው፣ 50.8 ሚሊ። ሌላ ቦታ የተለመደው 50 ነው። ያቺ ትንሽ ልዩነት ቀላል መስላ ጉድጓድ ላይ መዝለል ታመጣለች። ኳሷ ከተሳቢው ጋር አብራ ትምጣ። ስትጭን ደግሞ ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ገደማ መጎተቻው ላይ ይረፍ። ክብደቱ ወደ ኋላ ከሄደ ተሳቢው ጭራ መቁላት ይጀምራል፣ ያን ጊዜ መሪው ያንተ አይደለም።

እጀ ግራሶ

ልጄ፣ ከመክፈልህ በፊት አንዲት ነገር። ወንድምህ የሞዞውን ክዳን ያንሳና ኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይላክልህ። ቁጥሩን ይዘህ ቅዳሜ ገበያ ውረድ። ጎንደር ላይ ኩሽኔታው ከሌለ ተሳቢው የለም።

መብራቱን ደግሞ ውሃ ውስጥ ከመግባትህ በፊት ንቀለው። የጋለ አምፖል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይፈነዳል። የመብራቱ ኔጋቲቭም በምሰሶው በኩል ይመለሳል ብለህ አትመን፣ የራሱ ገመድ ይኑረው።

የጎርጎራ መንገደኛ

ወንድሜ ላከልኝ ጋሼ። ውጭኛው ኤል 44649፣ ውስጠኛው ኤል 68149። ቅዳሜ ገበያ አራት ሱቅ ዞርኩ። ሦስቱ «ቁጥሩን ተወውና ዕቃውን አምጣ» አሉኝ። አራተኛው ምንም ሳይናገር መሰላል ወጣ፣ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደ፣ ሁለቱንም ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። የጎማ ማኅተሙ ብቻ ጠፋ። ወንድሜ ስድስት እንዲጨምርበት ነግሬዋለሁ።

የፍሬን ማሰሪያ ሳህኑም አለ፣ አራቱም ቀዳዳ። ከሥር የተነሳውን ፎቶ እዚህ አስቀምጫለሁ፣ እይልኝ ጋሼ። ጥራቱ ይቅር ይባልልኝ፤ በረዶ ላይ ተኝቶ ነው ያነሳው። ሲነሳ ጃኬቱ ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ ነበር ብሎ እስካሁን እየሰደበኝ ነው።

ኮንቴይነሩ ለጥምቀት አይደርስም፣ ያ ተቆርጧል። ለጥምቀት ያንኑ አይሱዙ ተከራይቻለሁ። ጥር 9 ጠዋት ከአዘዞ ትነሳለች። ሲጫን የሚያግዝ ጉልበት ያለው ሰው ካለ ቁርስ በእኔ ነው።